ሳይቃጠል በቅጠል፤ የእሳት ጥንቃቄ ትምህርት በአገራችን ታሪክና በሐዋሳ ከተማ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። በሙግት ይነገራል፤ በሽምግልና ይነገራል፤ የታመመ ልጅ ቶሎ ወደ ሐኪም እንዲወሰድ ሲመከርም ይነገራል። ከመዘውተሩ የተነሣ ግን ስለ እሳት የተነገረ መሆኑ ተዘንግቷል። ቃሉን እንዳለ ለወሰደው ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ እሳት ገና ትንሽ ሳለ በእጅ በተያዘ እርጥብ ቅጠል ተመትቶ ይጠፋል፤ ካደገ በኋላ ግን ወንዝ ቢገለበጥበትም ላይመለስ ይችላል።

የመጽሔታችን አዘጋጅ ክፍል ስለ እሳት አደጋ መከላከል አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ መኪናዎች፣ ስለ ቱቦዎችና ስለ ውሃ ግፊት ለመጻፍ ነበር፤ መሐንዲስ ነኝና። ነገሩን ቀረብ ብዬ ስመለከተው ግን ታሪኩ የመሣሪያ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ይበልጡን የዕውቀት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ለመሆኑ በየዘመኑ ስለ እሳት ጥንቃቄ ለሕዝቡ ሲያስተምር የኖረው ማን ነው? እኔ እንደሚታየኝ እናቶቻችንና አባቶቻችን ለሣር ቤት የሚበቃ ትምህርት ነበራቸው፤ ቤቱ ሲለወጥ ግን ትምህርቱ አብሮ አልተለወጠም። የምኖርባት የሐዋሳ ከተማ ደግሞ ይህ ክፍተት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናት።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ጊዜ አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። በሙያችን የእሳትን ዕድገት ለመገመት የምንገለገልበት ቀላል ቀመር አለ። ከእሳቱ የሚወጣው ሙቀት በጊዜው ካሬ ልክ ያድጋል ተብሎ ይታሰባል፤ ይኸውም ጊዜው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በስፖንጅ ፍራሽ፣ በሰው ሠራሽ ምንጣፍና መጋረጃ የተሞላ የዘመኑ ክፍል እሳት ከያዘው 5 ደቂቃ ሳይሞላ ሁለመናው በአንድ ጊዜ ሊንቦገቦግ ይችላል። ጭሱ ደግሞ ከነበልባሉ ቀድሞ ይገድላል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የእሳት አደጋ መኪና ጥሪ ደርሶት፣ ከጣቢያው ወጥቶ፣ መንገድ ተለቆለት፣ ቱቦውን ዘርግቶ ውሃ ይረጫል ብሎ መጠበቅ በየትኛውም አገር ቢሆን አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው እሳት አጥፊ ምንጊዜም ቢሆን እዚያው ቤት ውስጥ ያለው ሰው፣ ቀጥሎም ጎረቤቱ ነው። መኪናው ሦስተኛ ነው።

ይህን እውነት የቀድሞው ሰው ያለ ቀመር ያውቀው ነበር። የሣር ክዳን ጎጆ ለእሳት የተመቻቸ ቤት ነው፤ ከታች ምድጃ፣ ከላይ ደረቅ ሣር፣ በመካከሉ ጭራሮና ኩበት። እንዲህ ያለው ቤት ትውልድን ከትውልድ ያሳደገው በዕድል ብቻ አልነበረም። ማታ ከእራት በኋላ የቤቱ እመቤት ፍሙን ሰብስባ በአመድ ታዳፍነዋለች። ማዳፈን ሁለት ጥቅም ነበረው፤ በአንድ በኩል እሳቱ አየር አጥቶ ስለሚያንቀላፋ ቤቱ ያለ ሥጋት ያድራል፤ በሌላ በኩል ረመጡ እስከ ንጋት ስለሚቆይ ክብሪት ባልነበረበት ዘመን እሳት ከቤት አይጠፋም። የጠፋበት ሰው ከጎረቤት በገል ጭሮ ይወስዳል፤ ነፋስ ካለም ገሉን ከልሎ መሄድ ግዴታው ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ለይቶ ይሠራል። የእህል ክምሩና አውድማውም ከቤት ራቅ ይላሉ። ልጅ በእሳት እንዳይጫወት «በእሳት የተጫወተ ሌሊት ይሸናል» ይባላል፤ እኔም ተብያለሁ፤ ከብዙ የትምህርት ቤት ምክር ይልቅ ይህ ማስፈራሪያ ሠርቶልኛል ብል ውሸት አይሆንም።

በሲዳማና በአካባቢው ደግሞ የእንሰቱ ጓሮ ነበረ፤ ዛሬም በገጠሩ አለ። ጎጆውን ዙሪያውን የከበበው እንሰት የተተከለው ለምግብነቱ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም በመሐንዲስ ዓይን ለተመለከተው ሰው ውሃ ያዘለ ግንዱና ሰፋፊ እርጥብ ቅጠሉ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ብልጭታ እንዳይሻገር የሚከላከል አጥር ነው። ቅጠሉ ቅርብ ስለሆነ አነጋገሩ የሚጠይቀው መሣሪያም እዚያው በር ላይ ይገኛል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የኮንሶ ሥርዓት ነው። የኮንሶ ሰዎች በድንጋይ ካብ በታጠሩ መንደሮቻቸው ውስጥ የሣር ቤቶቻቸውን አጠጋግተው ይሠራሉ። በአንዲህ ያለ ሥፍራ አንድ ቤት ቢነድ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። በየመንደሩ «ሞራ» የሚባል የጋራ አደባባይና ቤት አለ፤ ያላገቡ ወጣቶች ሌሊት በዚያ ያድራሉ፤ ጠላት ቢመጣ፣ ወይም እሳት ቢነሣ፣ ወይም ሌላ ችግር ቢደርስ ተነሥተው የመድረስ ግዴታ አለባቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቅርስ ተብሎ የሚወሳው በአብዛኛው የእርከኑ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ሞራው በአገራችን ምድር ላይ የሚገኝ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ጣቢያ ነው ብዬ ብናገር ማጋነን አይመስለኝም። ጃፓኖችም በእንጨት ከተማቸው በኤዶ ሌሊት ሌሊት ሁለት እንጨት እያጋጩ «እሳት ተጠንቀቁ» የሚሉ ተዘዋዋሪዎች ነበሯቸው፤ ልማዱ በአንዳንድ ሠፈር እስከ ዛሬ አልጠፋም።

የማስጠንቀቂያው ደወል በእኛ ዘንድ እሪታ ነበር። እሪታ የሰማ ሰው ከማን ቤት እንደሆነ ሳይጠይቅ ይሮጣል፤ ቢቀር ነውር ነው፤ ነገ እርሱ ሲጮህ የሚደርስለት አያገኝም። በአዲስ አበባ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሠፈር መኖሩ ራሱ ጩኸት ሰሚ ማጣቱ ለሰው ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበረ የሚያስረዳ ይመስለኛል፤ የተለመደ ነገር ቢሆን ኖሮ ለሠፈር ስም ባልሆነ ነበር።

ይህን ስል የድሮው ዘመን ከእሳት የዳነ ነበር ለማለት አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እንኳ በ1884 ዓ.ም. ገደማ ተቃጥሎ እንደገና መሠራት ነበረበት። ዕውቀት ያለው ሰውም ቤቱ ይነድበታል። ልዩነቱ ያለው በዚያ ዘመን እሳት የሚይዘው ቤትና ስለ እሳት የሚያስተምረው ቃል የአንድ ዘመን ሰዎች መሆናቸው ላይ ነው።

ለውጡ የመጣው ከቆርቆሮ ጋር ነው። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ላምባና ክብሪት በብዛት ገቡ። ቆርቆሮ አይነድም፤ ስለዚህ ሰው ከእሳት የዳነ መሰለው። በርግጥም ከቤት ወደ ቤት በሣር ክዳን ላይ እየዘለለ ሠፈር የሚያጋየው የድሮው እሳት በየከተማው እየቀነሰ ሄደ። እሳቱ ግን አልጠፋም፤ ከጣሪያው በላይ መሆኑ ቀርቶ ከጣሪያው በታች ገባ። መጀመሪያ በአቡጀዲ፣ ኋላ በችፑድ፣ ዛሬ ደግሞ በፕላስቲክ የሚሠራው ኮርኒስ ከበላዩ ደረቅ የጣሪያ እንጨትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሸከማል። የሙያ ባልደረቦቼ እንደሚያውቁት በተርታ በሚሠሩ ሱቆችና የኪራይ ክፍሎች የመለያ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ እስከ ኮርኒሱ ይደርሳል እንጂ እስከ ቆርቆሮው አይዘልቅም። ከታች አሥር ክፍል የሚመስለው ከላይ አንድ ረጅም ዋሻ ነው። በአንደኛው ክፍል የተነሣ እሳት ወደ ዋሻው ከገባ በስድስተኛው ክፍል ያለው ተከራይ ቤቱ መያዙን የሚያውቀው ኮርኒሱ ራሱ ላይ ሲወድቅ ነው።

የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የእሳት አጥፊ ክፍል ጥንስስ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የሚመደብ ነው። ገና በእግሩ ሳይቆም ከተማይቱ ሁለት ጊዜ በሰው እጅ ነደደች፤ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ በተነሣው ዘረፋ፣ ከዚያም በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ቤት ከነሰው እያቃጠሉ ሕዝብ በፈጁ ጊዜ። ከነጻነት በኋላ የእሳት አጥፊው ድርጅት እያደገ ሄዶ ዛሬ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን እስከ መባል ደርሷል፤ 939 የሚለው የስልክ ቁጥሩም በከተማው ይታወቃል። ነገር ግን ከተቋሙ ጋር አንድ አስተሳሰብ አብሮ ተወለደ፤ ይኸውም «እሳት የእሳት አጥፊ ሥራ ነው» የሚል ነው። ቀድሞ የሁሉ የነበረ ኃላፊነት ደንብ ልብስ ለለበሱ ጥቂት ሰዎች ተሰጠና ሕዝቡ ተመልካች ሆነ።

የዚህ አስተሳሰብ ወሰን የት ድረስ እንደሆነ መርካቶ ደጋግሞ አሳይቶናል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣውን እሳት አብዛኛው አንባቢ ያስታውሰዋል። መኪና አልጠፋም፤ ውሃም አልጠፋም፤ የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት ግን ለእሳት አጥፊዎቹ ፈተና ሆነባቸው። ነጋዴው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ንብረት በዓይኑ ፊት ነደደ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። አዋጁ ለአዲስ ሕንጻ የእሳት ጥንቃቄን ይጠይቃል፤ ጥሩ አዋጅ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ከመውጣቱ በፊት በተሠራ ተራ ውስጥ ሽቦ የሚቀጥልን ሰው የሚያስተምረው ማን ነው?

ሐዋሳ ከመርካቶ ጋር ስትነጻጸር የታደለች ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በደቡብ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አዳሬ ይባል በነበረው የግጦሽ መሬት ላይ ከተማይቱ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ በነበሩበት ዘመን ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የጠቅላይ ግዛቱ ርዕሰ ከተማ ከይርጋለም ወደዚህ ተዛወረ። ከዚያም የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ስሟ በሲዳምኛ ስፋትን ያመለክታል፤ በድሮ መጻሕፍትና ካርታዎች «አዋሳ» ተብላ እናገኛታለን። በፕላን የተወጠነች በመሆኗ ጎዳናዎቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ብስክሌትና ባጃጅ የሚርመሰመስባቸው እነዚህ መንገዶች የእሳት አደጋ መኪና ለማሳለፍ አይጠቡም። ውሃም ቢሆን ሐይቁ በደጃችን አለ።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ችግሩ ያለው ከጎዳናው በስተኋላ ነው። በፕላኑ ለአንድ ቤተሰብ የተመራው ግቢ ዛሬ ከዋናው ቤት ጀርባ አምስት ስድስት፣ አንዳንዴም አሥር የሰርቪስ ክፍሎች ይዟል። መንገዱ ሰፊ ነው፤ የግቢው በር ግን መኪና አያስገባም። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ሽቦ ግን እየተቀጣጠለ እስከ መጨረሻው ክፍል ይሄዳል፤ ፊውዝ ሲቃጠል በምስማር ወይም በመዳብ ክር የሚተካ «ባለሙያ» አይጠፋም። በአንድ በር፣ በፍርግርግ የተዘጋ አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ፍራሽ፣ ከሰል ምድጃና የጋዝ ሲሊንደር ጎን ለጎን ያድራሉ። በየክልል ከተማው ነዳጅ በጠፋ ቁጥር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ቤንዚንም ማደሪያው እዚያው ነው።

ከነዚህ ክፍሎች ብዙዎቹን የተከራዩት ወጣት ሴቶች ናቸው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት በሺህ የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር ልብስ ለመስፋት ወደ ከተማይቱ መጡ። እነዚህ ልጆች በእናታቸው ቤት ማዳፈንን ተምረዋል፤ የጋዝ ሲሊንደር መዝጋትን ግን ያስተማራቸው የለም። የሰፋፊዎች ነገር በእሳት ታሪክ ውስጥ ልዩ ሥፍራ ያለው ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ ከተማ «ትራያንግል» በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ በስምንተኛው ፎቅ እሳት ተነሣ። ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሠራተኛ ጨርቅ እንዳይሰርቅ ተብሎ በዘጠነኛው ፎቅ አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ መኪናዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ፤ ነገር ግን መሰላላቸው ከስድስተኛው ፎቅ አላለፈም። 146 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ከመስኮት እየዘለሉ ነው። መሣሪያው በሚገባ ተደራጅቶ ሳለ ይህ መድረሱ አሜሪካኖችን አስደነገጠ። በመንገድ ቆማ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የተባለች ሴት በኋላ የአገሪቱ የሥራ ሚኒስትር ለመሆን በቃች። የኒውዮርክ ሕግ ተለወጠ፤ በር እንዳይቆለፍ፣ የመውጫ ልምምድ እንዲደረግ ታዘዘ። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1871 የቺካጎን ከተማ ያነደደው ታላቅ ቃጠሎ መታሰቢያ ሆኖ ከ1922 ጀምሮ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የእሳት መከላከያ ሳምንት ይከበራል። በ1973 ደግሞ አንድ ብሔራዊ ኮሚሽን «አሜሪካ እየነደደች ነው» በሚል መንፈስ ባወጣው ሪፖርት አገሪቱ ገንዘቧን ለማጥፋት ታፈሳለች፣ ለመከላከልና ለማስተማር ግን ትሰስታለች ሲል ወቀሰ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. የ2004 ሕግ ሕዝብን ስለ እሳት ጥንቃቄ ማስተማርን ለእሳት አጥፊ ድርጅቶች ግዴታ አደረገው፤ እሳት አጥፊው ቤት ሳይነድ በር እያንኳኳ የጭስ ጠቋሚ የሚሰቅል ሰው ሆነ።

የልብስ ስፌቱ ሥራ ግን ከኒውዮርክ ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ተጓዘ፤ የተማሩት ትምህርት ሁልጊዜ አብሮት አልሄደም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2012 ከዳካ ከተማ አጠገብ በታዝሪን ፋብሪካ ቢያንስ 112 ሠራተኞች በእሳት አለቁ። ደወሉ ሲጮህ ኃላፊዎች «ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» እንዳሏቸው የተረፉት መስክረዋል። አንድ መቶ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በሌላ ክፍለ ዓለም፣ ያው ታሪክ ተደገመ። ከዚያ በኋላ ልብስ የሚገዙት ኩባንያዎች ስለ ፋብሪካ ደኅንነት ጥብቅ ደንብ ማውጣት ጀመሩ፤ የመውጫ ልምምድም ከደንባቸው አንዱ ነው። የሐዋሳው ፓርክ ከዚህ ሁሉ በኋላ የተሠራ በመሆኑ የታላላቆቹ ስሕተት ጥቅም ሆኖለታል። እኔን የሚያሳስበኝ ከፓርኩ በር ውጭ ያለው ነው። ልጅቷ ቀን በደወል መውጣትን ትለማመዳለች፤ ማታ የምታድረው መስኮቷ በፍርግርግ በተዘጋ ክፍል ነው። ትምህርቱ ከበሩ አይወጣም።

የራሴን ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በሐዋሳ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ አንዲት ጎረቤታችን ዘይት ጥዳ ስልክ ስታናግር ዘይቱ በእሳት ተያያዘ። እሪታዋን ሰምተን ደረስን፤ እሪታው እንኳ እስካሁን ይሠራል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቁ እኔ በርሜል ወዳለበት ሮጥሁና ባልዲ ሞልቼ ተመለስሁ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል እንደሚሰፋ ተምሬ ፈተና ያለፍሁበት ነገር ነው፤ የጋለ ዘይት ላይ ቢደፋ ዘይቱን ከነነበልባሉ እስከ ኮርኒሱ እንደሚረጨው ማሰብ ይገባኝ ነበር። ባልዲውን ከእጄ የያዙኝ የግቢው ባለቤት እማማ ናቸው። «ተው ልጄ! እሳት ሲታፈን ነው የሚሞት» አሉና ከማድ ቤታቸው ያመጡትን አክንባሎ ድስቱ ላይ ገጠሙት። ቀጥለውም «ያን ጋዝ ዝጋልኝ፤ እኔ አላውቅበትም» አሉኝ። ዘጋሁት። እሳቱ ጠፋ።

ከዚህ ቀን በኋላ የነገሩ ሁለት ወገን ከአእምሮዬ አልወጣም። እርሳቸው እሳት ምን እንደሚፈልግ ያውቃሉ፤ ሲሊንደሩን አያውቁም። እኔ ሲሊንደሩን አውቃለሁ፤ ዕውቀቴ ግን በሚያስፈልገኝ ደቂቃ እጄ ላይ አልነበረም። ሌላም አሳፋሪ ነገር ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቢብስ ኖሮ ለማን እንደውል እንደነበር ተጠያየቅን። የአዲስ አበባውን 939 የሚያውቅ አንድ ሰው ተገኘ፤ የከተማችንን እሳት አጥፊዎች ቁጥር ግን ከአሥራ አንዳችን አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

ሕዝብን በቤቱ ማስተማር በአገራችን አይቻልም የሚል ሰው ካለ ታሪካችንን ይመልከት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ የሆነ፣ አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች፣ ከቤት ቤት እየዞሩ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈርንና ልጅ ማስከተብን አስተምረዋል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ያወደመው ቃጠሎ ሲነሣ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ፣ ከውጭ አገር የመጣው ዕርዳታ ሳይዘነጋ፣ ገበሬውና ተማሪው በገፍ ወጥቶ እሳቱን በእርጥብ ቅጠል ሲደበድብ ታይቷል፤ ቃል በቃል በቅጠል። ፈቃደኝነቱ አለ። የጎደለው ከመንደዱ በፊት የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ለዚህ አመቺ ሆኖ የሚታየኝ ዕድር ነው። ዕድር በየወሩ ይሰበሰባል፤ የአባሎቹን ቤት አንድ በአንድ ያውቃል፤ መዝገብ አለው፤ በቀረ ላይ ቅጣት ይጥላል፤ እሳት አጥፊ ድርጅት ቢመኘው የማያገኘው አደረጃጀት ነው። ጉድለቱ ከሞት በኋላ የሚደርስ ተቋም መሆኑ ብቻ ነው። የእሳት አጥፊዎቹ ባለሙያ በዓመት አንድ ጊዜ በየዕድሩ ተገኝቶ ግማሽ ሰዓት ቢናገር፣ ሲሊንደር ቢያሳይ፣ ቁጥሩን በዕድሩ መዝገብ ሽፋን ላይ ቢያጽፍ የሚያወጣው ወጪ የአንድ መኪና ጎማ አያህልም። መሐንዲሶችም ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ የመለያ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮ ድረስ ቢዘልቅ የሚጨምረው ጥቂት ብሎኬት መሆኑን ለቤት ባለቤቱ የመንገር ሥራ የኛ ነው። እኔ ለስንት ሰው ነገርኩ? ቢጠየቅ መልሴ የሚያኮራ አይሆንም።

በሠፈራችን ዕድር ጉዳዩን አንሥቼ ነበር። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ አንድ አባል «መሐንዲሱ ከመሞታችን በፊት ሊቀብረን ነው» አሉ። ቀጥሎ ግን ሰብሳቢው የየግቢውን በር ስፋት በክንድ እየለኩ መዝግበው እንዲያመጡ ሦስት ሰዎችን መረጡ። ከሃያ ሦስት ግቢዎች ዘጠኙ የእሳት አደጋ መኪና አያስገቡም፤ ሁለቱ ጨርሶ የበሩ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚያድር አይታወቅም ነበር። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እማማ አክንባሏቸውን ይዘው መጥተው በድንኳኑ ደጃፍ ዘይት አንድደው አሳዩ፤ እኔ ሲሊንደሩን ዘጋሁ። ገንዘብ ያዡ የነደደውን ዘይት ዋጋ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ዓምድ ሥር ጻፉት።